ሌላውም ሰው እንዲያገኘው፦ የቤት ኮምፒውተር ፋይሎችን ለማደራጀት የአማራጮች ንጽጽር

አባቴ ባረፈ በሦስተኛው ሳምንት የቤታችንን ካርታ ቅጂ ፍለጋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥን። ስካን ተደርጎ እዚያ ውስጥ እንዳለ እሱ ራሱ ደጋግሞ ነግሮን ነበር። እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ ሁለት ቀን ፈለግን። በመጨረሻ «አዲስ ፎልደር 3» ከሚል ፎልደር ውስጥ «ስካን 0047» በሚል ስም ተገኘ። አባቴ ዝርክርክ ሰው አልነበረም። የወረቀት ዶሴዎቹን በቀለም ለይቶ፣ በየጀርባቸው ላይ ጽፎ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። ካርታውንም እሱ ቢፈልገው ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያገኘዋል፤ የት እንዳስቀመጠው ያውቃልና። የማናውቀው እኛ ነበርን።

ከዚያ ወዲህ የዘመድ ወይም የጎረቤት ኮምፒውተር እንዳስተካክል ስጠራ አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ ይህን ፋይል አንድ ቀን የሚፈልገው ማን ነው? የቤት ኮምፒውተር የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም። ባለቤቱ ሥራ ላይ ሳለ ልጁ ይከፍተዋል፤ ከውጭ አገር የሚደውል ወንድም «የልደት ምስክር ወረቀቴን ላኩልኝ» ይላል። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውን አማራጮች ሁሉ የመዘንኩት በዚህ ጥያቄ ነው።

የት ይቀመጥ? ዴስክቶፕ፣ ሲ ወይስ ዲ

በብዙ ቤት ፋይል የሚጠራቀመው ዴስክቶፕ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ፊት ለፊት ስለሚታይ የማይጠፋ ይመስላል። ሆኖም ዴስክቶፕ፣ ዳውንሎድስና ዶክመንትስ ሦስቱም በተለምዶ የሚገኙት ዊንዶውስ ራሱ በተጫነበት በሲ ድራይቭ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ጥገና ቤት የሚወሰደው የተለመደ እርምጃ ደግሞ ሲን ፎርማት አድርጎ (ያለበትን ሁሉ አጥፍቶ) ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። እህቴ ይህን ያወቀችው ከሆነ በኋላ ነው። ኮምፒውተሯን ከጥገና ስትረከብ ባለሙያው «ዲ ላይ ያለው አልተነካም» አላት። የመጀመሪያ ልጇ የሁለት ዓመት ፎቶ ግን በሙሉ የነበረው ዴስክቶፕ ላይ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሲና ዲ ተብሎ ከተከፈለ የቤተሰቡ ፋይል ዲ ላይ ቢሆን ይሻላል። ይህን ለማድረግ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዲ ላይ አዲስ ፎልደር ከፍቶ ሁሉም ሰው እዚያ እንዲያስቀምጥ መንገር ነው። ሁለተኛው ዶክመንትስ የሚለውን ፎልደር በቀኝ ቁልፍ ነክቶ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሎኬሽን የሚለውን ገጽ ከፍቶ ወደ ዲ ማዛወር ነው። ከዚያ በኋላ ማንም እንደ ልማዱ ዶክመንትስ ላይ ሲያስቀምጥ ፋይሉ የሚያርፈው ዲ ላይ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የማንንም ልማድ አያስለውጥም። ነገር ግን ዲ መጠባበቂያ ነው ብለው እንዳይዘናጉ። ሲና ዲ አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ዲስኩ ከሞተ ሁለቱም አይተርፉም። ላፕቶፕዎ ሲ ብቻ ካለው ደግሞ ለመክፈል አይጨነቁ። ዶክመንትስ ላይ ያስቀምጡና ጉልበትዎን ኋላ ለምናነሣው መጠባበቂያ ቅጂ ያውሉት።

ዴስክቶፕ የዛሬ ሥራ ጠረጴዛ ይሁን። ዳውንሎድስ ደግሞ እንደ በረንዳ ነው፤ እንግዳ ያርፍበታል እንጂ አያድርበትም። በኮምፒውተር ቴሌግራም የሚጠቀሙ ከሆነ የሚወርደው ሁሉ በተለምዶ ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» ወደሚባል ሌላ ፎልደር እንደሚገባ ልብ ይበሉ። በእኛ ቤቶች ደብዳቤው፣ ደረሰኙና የትምህርት ቤት ማስታወቂያው የሚመጣው በቴሌግራም ስለሆነ፣ ጠፋ የተባለ ፋይል ሲፈለግ መጀመሪያ የማየው እዚያ ነው። የቴሌግራምን ማስተካከያ ከፍቶ ፋይል ከመውረዱ በፊት ቦታውን እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል።

በሰው፣ በጉዳይ ወይስ በዓመት?

ፎልደር የሚከፈልባቸው ሦስት የታወቁ መንገዶች አሉ፤ ሦስቱም በየቦታቸው ትክክል ናቸው። ችግር የሚመጣው አንዱን መርጦ ሁሉንም ነገር በእሱ ለመክፈል ሲሞከር ነው።

ለማንነት ማስረጃ በሰው መክፈልን የሚተካከል የለም። ፓስፖርት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃና የክትባት ካርድ ሲፈለጉ አብረው ነው የሚፈለጉት። ልጅ ሲመዘገብ ወይም ቪዛ ሲጠየቅ የአንድ ሰው አራት አምስት ወረቀት በአንድ ጊዜ ይባላል። በየዓይነቱ ከፋፍሎ ፓስፖርትን ሁሉ በአንድ፣ የልደት ወረቀትን ሁሉ በሌላ ፎልደር ያስቀመጠ ሰው አምስት ቦታ ይዞራል። በእኛ አሰያየም የቤተሰብ ስም የሚባል ስለሌለ ፎልደሩ በግል ስም ይጠራ። አጠገቡም ስሙ ፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈበትን አጻጻፍ ሳይለውጡ ይጨምሩበት። ፎርም የሚሞላው ልጅ ወይም ጎረቤት ከዚያ ገልብጦ ይጽፈዋል። የአንድ ፊደል ልዩነት ስንት ሰው እንዳመላለሰ ያየ ሰው ይህች ትንሽ ነገር ምን ያህል እንደምትጠቅም ያውቃል።

ንብረት ግን በሰው ሊከፈል አይገባም። ቤት፣ መኪና፣ የባንክ ብድርና ዕድር ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ይቆያሉ። ካርታ «የአባባ» በሚል ፎልደር ውስጥ ከገባ አባባ ሲያልፉ ቤቱም አብሮ ያለፈ ያህል ይደበቃል። እነዚህ በጉዳይ ይከፈሉ።

ዓመት የሚጠቅመው ለሚደጋገም ነገር ነው፤ ለደረሰኝ፣ ለግብር፣ ለፎቶ። እዚህ ላይ ነጋዴ ወይም ግብር ከፋይ ከሆኑ አንድ ጥንቃቄ አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው። የ2017 በጀት ዓመት የሚባለው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን 2017 ያበቃል። ደረሰኝ «2017» በሚል ፎልደር ሲገባ የትኛው 2017 እንደሆነ ካልተጻፈ በነሐሴ የተቆረጠው ደረሰኝ በተሳሳተ ዓመት ያድራል። «2017 በጀት ዓመት» ብሎ ሙሉውን መጻፍ ይሻላል።

ለእናቴ ቤት ያደረግሁት ድብልቁን ነው፦ «01 ሰዎች»፣ «02 ቤትና ንብረት»፣ «03 ገንዘብና ግብር»፣ «04 ትምህርትና ሥራ»፣ «05 ፎቶና ቪዲዮ»። ከመጀመሪያው ፎልደር እስከ ፋይሉ ድረስ ከሦስት በላይ ደጃፍ አይኑር። ጥልቀት ሲበዛ ሰው ይጠፋበታል፤ ከዚህም በላይ ዊንዶውስ ከድራይቩ ስም ጀምሮ እስከ ፋይሉ ስም ያለውን መንገድ በሙሉ አንድ ላይ ቆጥሮ በተለመደው አሠራሩ ከ260 ፊደላት ሲያልፍ መቅዳት እምቢ ሊል ይችላል። «የመኪናው ግብር ደረሰኝ ከመኪናው ጋር ይሁን ወይስ ከግብሩ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ደረሰኙን ማን እንደሚጠይቅዎት ያስቡ። የሚጠይቀው ግብር ሰብሳቢው ከሆነ ቦታው «ገንዘብና ግብር» ነው።

የአማርኛ ስም ወይስ የላቲን ፊደል?

ብዙ ሰው ፋይሉን በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ ይሰይማል፤ ቁልፍ ሰሌዳውን መቀየር ስለሚታክት ነው። በእኔ እምነት ካሉት ሦስት አማራጮች ደካማው ይህ ነው። «ልደት» የምትለውን አጭር ቃል አባት በአንድ መልክ፣ ልጅ በሌላ መልክ ይጽፋታል። የሳድስ ድምፃችንን የሚወክል ቋሚ የላቲን ፊደል የለም፤ አንዱ አናባቢ ይጨምራል፣ ሌላው ይተዋል። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲፈልግ አይገጥምም። እንግሊዝኛ ከዚህ ይሻላል፤ አጻጻፉ ቢያንስ አንድ ነው። እናቴ ግን አታነብበውም፤ ለፋይሉ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ እሷ ናት።

ስለዚህ አማርኛን እመርጣለሁ። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ፣ በዩኒኮድ፣ ሦስተኛ እትም ውስጥ ከተካተተ ወዲህ በፋይል ስምነት የማይሠራበት ዘመናዊ ኮምፒውተርም ሆነ ስልክ የለም ማለት ይቻላል፤ ዊንዶውስም የራሱ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ አለው። ይሁን እንጂ አማርኛም የራሱ ፈተና አለው። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት «ሐምሌ» እና «ሀምሌ» ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሥራ» ተብሎ የተሰየመውን «ስራ» ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም፤ «ዓመት» እና «አመት»ም እንዲሁ። ቤተሰቡ በአንድ አጻጻፍ ቢስማማ መልካም ነው፤ ግን ስምምነቱ የሚጸናበት ቤት አላየሁም። የተሻለው ዘዴ ለፋይል ስም በተቻለ መጠን ሞክሼ ፊደል የሌለባቸውን ቃላት መምረጥ ነው፦ ውል፣ ብድር፣ ክትባት። ስሙም አጭር ይሁን። አንድ የግእዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት (የኮምፒውተር የመጠን መለኪያ) ይይዛል። ሊኑክስና የአንድሮይድ ስልኮች ለአንድ ፋይል ስም በተለምዶ የሚፈቅዱት 255 ባይት ነው፤ ይህም ሲካፈል 85 ፊደል ብቻ ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ በሰላም የኖረ ረጅም ስም ወደ ስልክ ሲቀዳ የሚሰናከለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የላቲን ፊደል ተራው የሚመጣው ፋይሉ ከቤት ሲወጣ ነው። ለውጭ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለቪዛ ማመልከቻ ሲላክ አንዳንድ ድረ ገጾች ሌላ ፊደል አይቀበሉም፤ በቆዩ ፕሮግራሞች ታሽጎ የተላከ ፋይልም ስሙ ተበላሽቶ ሊደርስ ይችላል። ዋናውን አይንኩት። ቅጂ አውጥተው ቅጂውን በእንግሊዝኛ ይሰይሙ።

ስለ ፊደል ካነሣን አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ልጨምር። ከዩኒኮድ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት አማርኛ ይጻፍ የነበረው በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ በተለበዱ ፎንቶች ነው። በእነዚያ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል፤ በፍለጋም አይገኝም። የአባትዎ የሕይወት ታሪክ፣ የሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ፣ የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ እንዲህ ባለ ፎንት ተጽፎ የቀረ ካለ፣ ፎንቱ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር በሕይወት ሳለ ይክፈቱትና በፒዲኤፍ ያስቀምጡት። ፒዲኤፍ ሲሆን ፎንቱ አብሮት ይታሸጋል፤ ንባቡ ይተርፋል። ዋናውንም አብረው ያቆዩ። ይህን ሥራ ለነገ አያሳድሩት፤ እነዚያ ኮምፒውተሮች እያለቁ ነው።

የትኛው ዘመን አቆጣጠር?

ሌላ አገር የማይነሣ፣ ለእኛ ግን ትልቅ የሆነ ምርጫ ይህ ነው። «2009» የሚል ፎልደር አየሁ እንበል። በእኛ 2009 ከሆነ ልጁ አንደኛ ክፍል የገባበት ዓመት ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ገና ሳይወለድ ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ትንሽ ልዩነት አይደለም። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ስለሆነ፣ ከፋይሉ አጠገብ የሚጽፈው ቀንና እርስዎ የጻፉት ቀን ሁልጊዜ ይለያያሉ።

ሁሉንም ወደ ፈረንጅ ማዞር አንድ አማራጭ ነው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ለሚኖር ቤተሰብ ትክክለኛው እሱ ነው፤ ወረቀቱ ሁሉ በዚያ አቆጣጠር ይመጣልና። አገር ቤት ግን ደረሰኙ፣ ውሉ፣ የትምህርት ቤት ካርዱና የግብር ወረቀቱ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። እያንዳንዱን መቀየር ድካም ነው፤ ስሕተትም ያመጣል። እኔ የምመክረው ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቀን እንዳለ መውሰድና የማን አቆጣጠር እንደሆነ ምልክት ማድረግ ነው። በእኛ ከሆነ «ዓም»፣ በፈረንጅ ከሆነ «እኤአ» ብለው ይጻፉ። ነጥቦቹን የተውኳቸው በምክንያት ነው፤ ዊንዶውስ በስም መጨረሻ ላይ ያለ ነጥብን ይጥለዋል።

ቅደም ተከተሉ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ይሁን። የቤት ኪራይ ውል ኅዳር 25 ቀን 2016 ከተፈረመ «2016-03-25 ዓም የኪራይ ውል» ይባላል። ቀኑን ካስቀደሙ በየወሩ 25 የተጻፈው ሁሉ አንድ ላይ ይሰለፋል። የወሩን ስም በፊደል ከጻፉ ደግሞ ኮምፒውተሩ በፊደል ተራ ይደረድረውና ሐምሌ መስከረምን፣ ጥር ጥቅምትን ይቀድማሉ። በቁጥር ሲሆን ግን ፊደል ተራውና የዘመን ተራው አንድ ይሆናሉ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 ለቀን አጻጻፍ ያወጣው መስፈርትም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል። ለእኛም ያለ ችግር ይሠራል፤ ጳጉሜን 13 ትሆናለች፣ በቦታዋም ትገኛለች። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ሁሉም በሁለት አኃዝ ይጻፉ፤ መስከረም 01 ነው። በወረቀት እንደለመድነው በእዝባር ለይቶ 25/03/2016 ብሎ መጻፍ ግን አይሆንም። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ እዝባርን፣ ሁለት ነጥብን፣ ጥያቄ ምልክትንና ኮከብን አይቀበልም። ጭረት ይጠቀሙ።

ፎልደር ወይስ ፍለጋ?

«ዛሬ ኮምፒውተር ራሱ ይፈልጋል፤ ፎልደር ለምን?» የሚሉ አሉ። በጽሑፍ ለተሠራ ሰነድ ግማሽ እውነት ነው። በስልክ ፎቶ የተነሣ ወይም ስካን የተደረገ ወረቀት ግን ለኮምፒውተሩ ሥዕል ነው፤ ውስጡ ያለውን ጽሑፍ በተለመደው ፍለጋ አያየውም። የቤት ሰነድ አብዛኛው ደግሞ እንዲህ ያለ ነው። ስም ካልሰጡት ፍለጋም አያገኘውም፤ ሞክሼ ፊደላቱም ከላይ ያልነው ነገር አላቸው። ፎልደር ለሁሉም፣ ፍለጋ ለተጨማሪ።

ፎቶና ቪዲዮ

ፎቶ ላይ ከልማዴ ወጥቼ የፈረንጆቹን አቆጣጠር እንዳለ እቀበላለሁ። ብዙ ስልኮች ፎቶውን ሲያነሡ ዓመት፣ ወርና ቀኑን በስሙ ላይ ይጽፋሉ፤ በፋይሉ ውስጥም ይመዘግቡታል። ይህን በእጅ መቀየር ከንቱ ድካም ነው። የዓመት ፎልደር «2024 እኤአ» ተብሎ በውስጡ የታወቁት ቀኖች ብቻ በስማቸው ይከፈሉ፦ ጥምቀት፣ የእህቴ ሠርግ፣ የልጁ ክርስትና። የቀረው በወር በወር ይቆይ።

የባንክና የቴሌብር ደረሰኝ ስክሪን ሾት ከልጆች ፎቶ ጋር ተደባልቆ እንዳይቀር በየወሩ መለየት ያስፈልጋል። በቴሌግራም የሚላክ ፎቶ በተለመደው መንገድ ከተላከ ይጨመቃል፤ ጥራቱ ይቀንሳል። የሠርግ ፎቶ ሲቀበሉ «እንደ ፋይል ላኩልኝ» ይበሉ።

የድሮ ሠርግ በዲቪዲ ካለ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ዲስክ ይቅዱት፤ ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ያህል ነው፣ ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። ቪዲዮውን ወደ ፍላሽ ሲቀዱ ግን ባዶ ቦታ እያለ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። ፍላሹ አልተበላሸም። ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። በውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ አውጥተው ኤክስ ፋት በሚባለው ፎርማት ካደረጉት ይቀበላል።

መጠባበቂያ፦ ፍላሽ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ክላውድ ወይስ ቴሌግራም?

እስካሁን ያልነው ሁሉ ሁለተኛ ቅጂ ከሌለ በአንድ የመብራት መቆራረጥ ሊቀር የሚችል ነው። ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ሦስቱን ለማሟላት ምን ምን እንምረጥ?

ፍላሽ ርካሽ ነው፤ እምነት የሚጣልበት ግን ለጉዞ እንጂ ለማከማቻ አይደለም። ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰክቶ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠውን ቫይረስ ያላየ ቤት ጥቂት ነው። ያ ሲሆን ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ ተደበቀ እንጂ አልጠፋምና ፎርማት ለማድረግ አይቸኩሉ። ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ ፋይል ደግሞ በተለምዶ ወደ ሪሳይክል ቢን አይሄድም። በእኛ ቤት አንድ ትንሽ ፍላሽ «ተላላኪ» ብለን ሰይመናል። ለማተም የሚፈለገው አንድ ፋይል ብቻ ይቀዳበታል፤ ሲመለስ ይጸዳል። የቤተሰቡ ማከማቻ የሆነ ዕቃ ከቤት ወጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አይሰካም።

የውጭ ሃርድ ዲስክ ለአገር ቤት ቤተሰብ ዋነኛው ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የዳታ ጥቅል ሳይጠይቅ የቤቱን ሁሉ ይይዛል። ጠላቶቹ መውደቅና ሳያሰናብቱ መንቀል ናቸው። ሁልጊዜ ተሰክቶ ከቆየ ደግሞ መብራት ሲዋዥቅ ወይም ቫይረስ ሲገባ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይጎዳል። በወር አንድ ቀን ተሰክቶ፣ ተቀድቶበት፣ ተነቅሎ ቁም ሣጥን ይግባ።

ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚደረስበት የኩባንያዎች ማከማቻ፣ ከቤት ውጭ የሚለውን ሕግ የሚያሟላ ነው፤ እሳትም ሌባም አይደርስበትም። በነጻ የሚሰጡት ቦታ ይለያያል፦ ጉግል 15 ጊጋባይት፣ ማይክሮሶፍት 5፣ አፕል 5፣ ድሮፕቦክስ 2። የጉግሉ 15 ከኢሜይልና ከፎቶ ጋር የሚካፈል መሆኑን አይርሱ። በዚህ መጠን የቤተሰብ ፎቶ አይበቃም፤ የማንነትና የንብረት ሰነዶች ግን በሙሉ ገብተው ብዙ ቦታ ይተርፋል። ስለዚህ ክላውድን ለሰነድ፣ ዲስክን ለፎቶና ለቪዲዮ ብሎ መክፈል ለኪስም ለኔትወርክም ይስማማል። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር በራሱ የሚመሳሰል ክላውድ ሲሰርዙም ይመሳሰላል። ልጅ በስሕተት የሰረዘው ከክላውዱም ይሰረዛል፤ ጉግል ድራይቭ ላይ ቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ነው። ሁለተኛ፣ ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተን የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል አስታውቋል። የይለፍ ቃሉን ከእርስዎ ሌላ አንድ የሚያምኑት ሰው ይወቀው።

ቴሌግራም ላይ ለራስ መልእክት አድርጎ ፋይል ማኖር አገራችን በጣም የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ይገባኛል። ነጻ ነው፣ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፣ ከየትኛውም ስልክ ይከፈታል። ለጊዜያዊ ማስተላለፊያ እኔም እጠቀምበታለሁ። እንደ ማኅደር ግን አይመከርም። ፎልደር የለውም፤ ሁሉም በመጣበት ተራ ይከማቻል። አካውንቱ ለረጅም ጊዜ ካልተከፈተ ራሱን ያጠፋል። ሲም ካርዱ ከጠፋ ወይም ባለቤቱ ካረፈ ሌላው ሰው የሚገባበት በር ላይኖር ይችላል። ይህን ሳስብ የሚታወሰኝ የአባቴ ስልክ ነው። ቁጥሩ ተዘግቶ ስለነበር እዚያ ውስጥ ያኖረውን ማየት አልቻልንም።

የድሮው ክምር

ዐሥር ዓመት የተጠራቀመውን ፋይል አንድ በአንድ ለይቶ መጨረስ ወይስ ከዛሬ ጀምሮ አዲሱን ብቻ ማስተካከል? የመጀመሪያውን የጀመሩ ሰዎች ሲጨርሱ አላየሁም። «90 የድሮ» የሚል ፎልደር ከፍተው ሁሉንም እንዳለ እዚያ ይክተቱት፤ ምንም አይሰርዙ። ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር ሲያስፈልግዎት ፈልገው ያወጡትና በአዲሱ ቦታ፣ በአዲሱ ስም ያስቀምጡት። ወዲያውኑ መውጣት ያለባቸው የሰዎቹ መታወቂያ ወረቀቶችና የንብረት ማስረጃዎች ብቻ ናቸው፤ የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው።

ሲጨርሱ መፈተኛው ቀላል ነው። ከቤተሰቡ ኮምፒውተር ብዙ የማይነካውን ሰው ይጥሩና «የእገሌን ፓስፖርት አውጣልኝ» ብለው እጅዎን አጣጥፈው ይቀመጡ። አይጠቁሙ፣ አያርሙ። የቆመበትን ቦታ ብቻ ይመልከቱ።

እኔ የፈተንኩት እናቴን ነበር። ፓስፖርቷን ሳትቸገር አገኘች፤ የውኃ ደረሰኝም አገኘች። የቤቱን ወረቀት ስላት ግን «ቤትና ንብረት» የሚለውን ከፍታ ቆመች፤ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አየችና «እዚህ የለም» አለችኝ። ፋይሉ ዐይኗ ሥር ነበር። «የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር» ብዬ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሰይሜው ነው። እሷ በአርባ ዓመት ትዳሯ ያንን ወረቀት በዚህ ስም ጠርታው አታውቅም። ያኔውኑ ስሙን ቀየርኩት፤ አሁን «የቤት ካርታ» ይላል።